ፕሮፌሰሯን ለማገዝ የጻፍኩት የረባሾች ዝርዝር

እጅ የማውጣት በሽታ አለብኝ። አስተማሪ "ማን ነው..." ብሎ ሳይጨርስ እጄ ተሰቅሏል። ምን እንደተጠየቀ የማውቀው እጄ ከወጣ በኋላ ነው። በዚህ በሽታ ምክንያት አዲስ አበባ ሳለሁ ሰሌዳ ጠርጌያለሁ፣ ባንዲራ ሰቅያለሁ፣ አንድ ጊዜም ግጥሙን የማላውቀውን መዝሙር ፊት ወጥቼ መርቻለሁ። ላስ ቬጋስ ስመጣ ይለቀኛል ብዬ ነበር። አልለቀቀኝም።

ዘንድሮ ኮሌጅ ገባሁ። ኮሌጁ ትንሽ ነው፤ ሁሉም ሰው ከሁሉም ነገር ትንሽ ትንሽ የሚቀምስበት ዓይነት። እኔ በአንድ ሴሚስተር ፍልስፍና፣ ባዮሎጂ፣ የአሜሪካ ታሪክና ሸክላ ሥራ ወሰድኩ። እናቴ ምን እየተማርክ ነው ስትለኝ በኩራት ዘረዘርኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ "ሸክላውን ለዘመድ መንገር አለብኝ?" አለችኝ። እስካሁን የምትናገረው ባዮሎጂውን ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ሚስተር ዴቪድ የሚባሉ ሰው ክፍላችን መጡ። ጢማቸው ነጭ ነው፤ ሲናገሩ አጠገባቸው ሕፃን የተኛ ይመስላቸዋል መሰለኝ፣ ድምፃቸውን አይለቁትም። "እኔ የምመራው ቢሮ መምህራን ማስተማራቸውን እንዲያሻሽሉ ያግዛል" አሉ። "ለዚህ ደግሞ ተማሪዎች ያስፈልጉናል። ማን ነው..."

እጄ ወጣ።

ሥራው ሲገለጽልኝ ላብ አጠመቀኝ። ያልተመዘገብኩበት ክፍል ውስጥ ከኋላ እቀመጣለሁ፤ የማየውን እጽፋለሁ፤ ከሦስት ክፍለ ጊዜ በኋላ የጻፍኩትን ለመምህሩ እሰጣለሁ፤ መምህሩም ከዚያ ተነስቶ ማስተማሩን ያስተካክላል። እኔ ባደግሁበት ትምህርት ቤት ተማሪ መምህሩን የሚያግዘው ደብተር በመሸከም ነበር። የሚታረመው ደብተሩ ነው እንጂ መምህሩ አይደለም። ግን እጄ አንዴ ወጥቷል።

የደረሱኝ ፕሮፌሰር ሜጋን ናቸው። ስታቲስቲክስ ያስተምራሉ። ወጣት ናቸው፣ ኮሌጁ ውስጥ ገና ሁለተኛ ዓመታቸው ነው፤ ቢሮውን አግዙኝ ብለው የጠየቁትም ራሳቸው ናቸው። በመጀመሪያው ፈተና ግማሹ ክፍል ወድቆባቸዋል። "ሁለተኛው ፈተና ከአንድ ወር በኋላ ነው" አሉኝ። "ምን እንደማጠፋ ማወቅ እፈልጋለሁ። ደግሞ ሜጋን በለኝ።" ቤት ገብቼ መስታወት ፊት ቆሜ "ሜጋን" ብዬ ሞከርኩ። የጎረቤት ልጅ የጠራሁ መሰለኝ። ተውኩት።

ከወደቁት አንዷ እትዬ ሰዓዳ ናቸው። እትዬ ሰዓዳ ስፕሪንግ ቫሊ ውስጥ ከእኛ አፓርታማ ሥር የሚኖሩ የደሴ ሰው ናቸው። ስትሪፕ በሚባለው የካዚኖ ጎዳና ላይ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ክፍል ያጸዳሉ። ሐሳባቸው ነርስ መሆን ነው፤ ነርሲንግ ለመግባት ደግሞ ስታቲስቲክስ ማለፍ ግድ ነው። ሁለተኛውን ፈተና ካላለፉ ትምህርቱን ይጥላሉ፤ ማመልከቻውም በአንድ ዓመት ይገፋል። "እኔ አንድ ዓመት መጠበቅ አያቅተኝም" ይላሉ። "አልጋ ለማንጠፍ አንድ ዓመት አልጨምርም ያለው ጉልበቴ ነው።"

ማክሰኞና ሐሙስ ሺፍታቸው እንዳለቀ ዩኒፎርማቸውን እንኳ ሳይቀይሩ ይመጡና በአሮጌዋ ቶዮታቸው ኮሌጅ ያደርሱኛል። መንገዳቸው ባይሆንም የሆስፒታሎቹ ሰፈር በሆነው በሜዲካል ዲስትሪክት በኩል ይዞራሉ። ትልቁ ሆስፒታል ጋ ሲደርሱ መኪናዋ በራሷ ፍጥነቷን ትቀንሳለች። "ትራፊክ ነው" ይላሉ። ትራፊክ አይቼ አላውቅም።

ሚስተር ዴቪድ የሰጡኝ መመሪያ አጭር ነበር። "አትፍረድ። አስተያየትም አትስጥ። ክፍሉ ውስጥ የሆነውን ብቻ፣ ከነደቂቃው ጻፍ።"

ለዚህማ እኔን የሚያህል ከየት ይገኛል! ከሦስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል አለቃ ነበርኩ። የክፍል አለቃ ሥራው ምን እንደነበረ ለረሳችሁ ላስታውሳችሁ፦ መምህር ሲወጣ ወይም ፊቱን ሲያዞር የረበሸውን ሰው ስም ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ ለደገመ ከስሙ ጎን ኤክስ ያደርጋል፤ መምህር ሲመለስ ያስረክባል። የቀረውን መምህሩ ያውቅበታል። በከረሜላ ስም የሚፍቁ አለቆች ነበሩ። እኔ ፍቄ አላውቅም። ስድስት ዓመት ሙሉ ለምን ብቻዬን ምሳ እንደምበላ የገባኝም ትምህርት ቤቱን ከለቀቅሁ በኋላ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ወረቀት አሰመርኩ፦ ስም፣ ደቂቃ፣ ጥፋት፣ ኤክስ። የክፍሉን ተማሪዎች ስም ስለማላውቅ ቀድሜ ገብቼ አንድ በአንድ በትሕትና ጠየቅሁ። አጻጻፉን እንኳ አስተካክለው ነገሩኝ። ታይለር የሚባል ረጅም ልጅ እጄን ጨብጦ፣ "እዚህ ክፍል ውስጥ ስሜን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ" አለኝ። በጣም ተደሰተ። በሃያ ስድስተኛው ደቂቃ ስልክ ሲያወጣ ስሙን ጻፍኩት።

ክፍሉ ሲጀመር ሁሉም ጨዋ ነበር። ምሳሌው ሲያልቅና ፎርሙላው ሲጀመር ግን እንደ ተነካ ቀፎ ሆነ። ስልክ ወጣ፣ ድንች ጥብስ ተከፈተ፣ አንዷ ጥፍሯን መቀባት ጀመረች። እጄ አልደርስ አለኝ። በዚህ መሐል የእትዬ ሰዓዳ አንገት ቀስ ብሎ ወደ ግራ ዘንበል አለ፤ ሻሻቸው የጎረቤታቸውን ላፕቶፕ ተደገፈ።

እስክሪብቶዬ አየር ላይ ቆመ። በመኪናቸው ነው የመጣሁት። በመኪናቸው ነው የምመለሰው። የረመዳን ሳምቡሳቸውን ከአንድ ዓመት በላይ በልቻለሁ። ግን ሥራ ሥራ ነው። ስማቸውን በትንንሽ ፊደል ጻፍኩት። ሲደግሙ ያደረግሁት ኤክስ ግን ሙሉ ነበር።

እኔ ራሴ በዚህ ሁሉ መሐል እንደ ጨዋ ሰው ተቀምጬ ነበር። ፕሮፌሰር ሜጋን ወደኋላ ባዩ ቁጥር ራሴን በአዎንታ እነቀንቃለሁ። ፎርሙላው እንኳን ሊገባኝ፣ የት ላይ እንደጀመረም አላውቅም። ግን ሰው ያን ያህል ደክሞ ሲያስረዳ እንደ ግድግዳ ማፍጠጥ ምን የሚሉት ነገር ነው?

ሦስት ክፍለ ጊዜ እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ስንመለስ ወረቀቶቹ ከቦርሳዬ ሾልከው መኪናዋ ወለል ላይ ተዘረገፉ። ቀይ መብራት ይዞን ስለነበር እትዬ ሰዓዳ አንዱን አነሱት።

"ሰዓዳ... ሦስት ኤክስ?" አሉ። "ምንድን ነው ይሄ?"

"ክፍል ውስጥ የሆነው ነገር ነው፣ እትዬ።"

"እንቅልፍ ይላል።"

"ትንሽ ብቻ።"

"በገዛ መኪናዬ እያመላለስኩህ? ሳምቡሳዬን እየበላህ? ውረድልኝ!"

መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ፍሪዌይ ገብተን ነበር። "እትዬ፣ ፍሪዌይ ላይ ነን እኮ።"

"ኤግዚቱ ሲመጣ ትወርዳለህ!"

ሦስት መውጫ አለፍን። በአራተኛው ላይ ድምፃቸው ወረደ። "ስማኝ ልጄ፤ አሥራ አምስት ክፍል አጽድቼ ነው የምመጣው። እስከሚገባኝ ድረስ ዓይኔ አይከደንም። አንዴ ካመለጠኝ በኋላ ግን ምን ይዤ ልንቃ? ሁሉም ሰው ገብቶት እኔ አሮጊቷ ብቻ ተነስቼ ላስቁም?" ከዚያ ዩኒፎርማቸው ኪስ ገቡና በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለች፣ እንግዳ ትራስ ላይ የምትቀመጠውን ቸኮሌት አወጡ። "እንካ። ስሜን ፋቅ።"

"አይቻልም፣ እትዬ።"

ቸኮሌቷን ወደ ኪሳቸው መለሷት። "ስድስት ዓመት ብቻህን ምሳ በላሁ ያልከው እውነትህን ነው" አሉኝ።

በማግስቱ ዝርዝሩን ለፕሮፌሰር ሜጋን በሁለት እጄ አስረከብኩ። አነበቡ። ገለጡ። መልሰው አነበቡ።

"ኤክሱ ምንድን ነው?"

"ጥፋቱን ለደገመ ነው፣ ፕሮፌሰር።"

"እና... በዚህ ምን እንዳደርግ ነው?"

"በእኛ ጊዜ ያንበረክኩ ነበር" አልኩ በቅንነት። "እዚህ እንዴት እንደሆነ አላውቅም።"

ጉንጫቸው ቀላ። ወረቀቱን ይዘው ወጡ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚስተር ዴቪድ ኢሜይል ደረሰኝ፦ ነገ ቢሮዬ ና፣ ፕሮፌሰር ሜጋንም ይኖራሉ። አበቃልኝ አልኩ። ለእናቴ በሸክላ ሥራው ብቻ እንደምቀጥል እንዴት እንደምነግራት እያሰብኩ አደርኩ።

ቢሮው ስገባ ሦስቱ ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተዘርግተዋል። ቁጭ ከማለቴ ይቅርታ ጀመርኩ። ሚስተር ዴቪድ እጃቸውን አነሱ።

"ስለ ማስተማሩ ጻፍ ብዬ አላብራራሁልህም። ተማሪ እንድትጠብቅ አልነበረም የፈለግነው፤ ያ የእኔ ጥፋት ነው" አሉ። "ስሞቹን እናጠፋቸዋለን፤ ማንም አይቀጣም። ደቂቃዎቹን ግን እያቸው። ማክሰኞ ሃያ አምስት፣ ሃያ ስድስት፣ ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት። ሐሙስም እንደዚያው። ከዚያ በፊት አንድም ስም የለም። ሜጋን፣ ሃያ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ምን ይሆናል?"

ፕሮፌሰር ሜጋን አሰቡ። "ምሳሌውን ጨርሼ ወደ ፎርሙላው የማልፍበት ነው። ግን ዝም ብዬ አላልፍም። መግባቱን አይቼ ነው የማልፈው።"

"እንዴት ነው የምታዪው?"

"ፊታቸውን አያለሁ። አብዛኞቹ አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ፤ ስለዚህ ወደኋላ..." ቆሙ። ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። "ከኋላ አንድ ሰው ራሱን ይነቀንቃል። እሱ ሲነቀንቅ ገብቷቸዋል ብዬ አልፋለሁ።"

ሁለቱም አዩኝ። እኔም ምን ላድርግ፣ ታላላቅ ሰዎች ናቸው የሚያዩኝ፤ ራሴን ነቀነቅሁ።

"ገብቶህ ነበር?" አሉ ሚስተር ዴቪድ፣ ሕፃኑ እንዳይነቃ እየተጠነቀቁ።

"አልገባኝም ነበር።"

"አንድም ቀን?"

"ስማቸውን ስጠይቃቸው የነገሩኝ ገብቶኛል" አልኩ። "ከዚያ በኋላ ያለው አልገባኝም።"

"ታዲያ ለምን ነቀነቅህ?"

"እንዳይከፋዎት ብዬ ነው፣ ፕሮፌሰር።"

ሃያ ሁለት ተማሪ፣ እትዬ ሰዓዳን ጨምሮ፣ ላልተመዘገበ ሰው ትሕትና ሲባል ሦስት ቀን ሙሉ ፎርሙላ ውስጥ ተጥሏል። ዝርዝሩ ላይ መጻፍ ያለበት አንድ ስም ቀርቶ ነበር፤ አለቃ ደግሞ የራሱን ስም ጽፎ አያውቅም። ይቆጡኛል ብዬ አጎነበስኩ። ፕሮፌሰር ሜጋን ግን ሳቁ፤ መጀመሪያ በአፍንጫቸው፣ ከዚያ እንባቸውን እስኪጠርጉ። "እኔ ነኝ ሃያ ሁለት ሰው ትቼ አንድ ፊት ያየሁት" አሉ። "ጥፋቱ ያንተ ቢሆንማ ቀላል ነበር፤ ወንበርህን ማዞር ነው።"

በዚያው ዕለት አዲስ ደንብ ወጣልኝ። ራስ መነቅነቅ ክልክል። ካልገባኝ እንዳልገባኝ መናገር።

ይህ ደንብ በወረቀት ቀላል ነው። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አንገቴ አልታዘዝ አለኝ። ፕሮፌሰር ሜጋን ወደኋላ ባዩ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። በአንድ እጄ አገጬን ያዝኩት፤ ሁለተኛውን እጄን ከኋላ ማጅራቴ ላይ አደረግሁ። አጠገቤ ያለችው ልጅ ጥርሴን ያመመኝ መስሏት ክኒን ሰጠችኝ። ተቀብዬ አመሰገንኩ፤ ሳመሰግን ነቀነቅሁ፤ ፕሮፌሰሯ እንዳያዩኝ ጠረጴዛ ሥር ገባሁ።

ሃያ አምስተኛው ደቂቃ ደረሰ። ፕሮፌሰር ሜጋን ቾኩን አስቀመጡ።

"ከማለፌ በፊት" አሉ ለሁሉም፣ "አንድ ነገር ልንገራችሁ። እስከ ዛሬ አንድ ሰው አይቼ ገብቷችኋል እያልኩ አልፌያችኋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ዛሬ ሳይገባችሁ አላልፍም። ስታንዳርድ ዲቪየሽን ምን እንደሆነ ያልገባው አለ?"

ከመጀመሪያ ክፍል ጀምሮ ስንት መምህር አይቻለሁ፤ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ጥፋቱ የእኔ ነው ያለ አላየሁም። አንድም እጅ አልወጣም። እትዬ ሰዓዳ ዴስካቸው ላይ አቀርቅረዋል፤ አንገታቸው ወደ ግራ መሄድ ጀምሯል። ፕሮፌሰር ሜጋን ቾኩን መልሰው ሊያነሱት እጃቸውን ሲዘረጉ በሽታዬ ተነሳብኝ። እጄ ወጣ።

"ፕሮፌሰር፣ እኔ አልገባኝም።"

ይህን ዓረፍተ ነገር በክፍል ውስጥ ስናገር በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር። ጣሪያው አልወደቀም። "እኔም" አለ ታይለር። "እኔም" አለች ጥፍር ቀቢዋ። ከዚያ እንደ ጠብታ አንድ በአንድ፣ በመጨረሻም ከግራ በኩል፣ "እኔማ ከጥንቱም" የሚል የደሴ እንግሊዝኛ።

ፕሮፌሰር ሜጋን የተጻፈውን ፎርሙላ በሙሉ አጠፉት። "ሰዓዳ፣ ሥራሽ ምንድን ነው?"

"ሆቴል ክፍል አጸዳለሁ።"

"በቀን ስንት?"

"አሥራ አምስት።"

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ" አሉ እትዬ ሰዓዳ፣ ነቃ ብለው። "አብራኝ እንደምትሠራዋ አይደለሁም። እሷ ዛሬ ሰባት፣ ነገ ሃያ ሦስት ናት። በወሩ መጨረሻ ሱፐርቫይዘሩ ይደምርና 'ሁለታችሁም አማካያችሁ አሥራ አምስት ነው፣ እኩል ናችሁ' ይላል። እንዴት እኩል እንሆናለን? እኔን አምኖ ያድራል፤ በእሷ ቀን ግን እንግዳው ሎቢ ይሰለፋል!"

ፕሮፌሰር ሜጋን ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር አሰመሩ። በአንደኛው የእትዬ ሰዓዳን ቁጥሮች፣ በሁለተኛው የባልደረባቸውን አሰፈሩ። የመጀመሪያዎቹ ነጥቦች አንድ ላይ ተጠጋግተው ቁጭ አሉ፤ የሁለተኛዎቹ ተበተኑ። "ሱፐርቫይዘርሽ ያልቆጠረው ይህን መበተን ነው" አሉ። "ስታንዳርድ ዲቪየሽን ማለት ይኸው ነው።"

"ይኸው ነው?" አሉ እትዬ ሰዓዳ። "ይሄንንማ ለሱፐርቫይዘሩ ስንት ጊዜ ነገርኩት!"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከሃያ አምስተኛው ደቂቃ በኋላ የጻፍኩት ስም አልነበረም። የጻፍኩት፣ ማን ምን እንደጠየቀ ነበር፤ ወረቀቱ አልበቃኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፕሮፌሰር ሜጋን ፎርሙላ ከመጻፋቸው በፊት አንድ ሰው ሥራውን እንዲነግራቸው ይጠይቃሉ፤ ከዚያም እያንዳንዱ ተማሪ የገባውንና ያልገባውን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ይሰጣቸዋል። የእኔን አንገት ማንም አይጠይቀውም።

ፈተናው ተሰጠ። ውጤቱ በስልክ የወጣ ቀን እትዬ ሰዓዳ ኮሌጁ ጓሮ መኪናቸውን ፓርክ አድርገው፣ ስልኩን ጉልበታቸው ላይ በግንባሩ ደፍተውት አገኘኋቸው።

"አንተ እየው" አሉኝ። "መጻፍ ትወድ የለ? ዛሬ ደግሞ አንብብ።"

ጉልበታቸው ላይ ያለውን ስልክ አነሳሁት። ጉልበታቸውን፣ አንድ ዓመት አልጨምርም ያለውን፣ አየሁትና ውጤቱን ከፈትኩ።

"አልፈዋል፣ እትዬ።"

"ደግመህ ቼክ አድርግ።"

"አልፈዋል። በደንብ።"

"አልሐምዱሊላህ" ብለው ግንባራቸውን መሪው ላይ ጣሉት። ክላክሱ ጮኸ። እሳቸው ቀና አላሉም፤ ክላክሱም አላቋረጠም። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን፤ ታይለር ከሩቅ ሮጦ መጣና አደጋ አለመሆኑን ሲሰማ እሱም በመስኮት እጁን አስገብቶ እንደ አዲስ አስጮኸው።

ለፕሮፌሰር ሜጋን ምስጋናዬን በጽሑፍ ሰጥቻቸዋለሁ። ሁለት ገጽ ነው፤ አንድም ቦታ ኤክስ የለበትም። ለሚስተር ዴቪድም እንዲሁ። እሳቸው "በሚቀጥለው ሴሚስተር ለኬሚስትሪ መምህሩ ማን..." ሲሉ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

በመጨረሻው ቀን ስንመለስ እትዬ ሰዓዳ ቸኮሌቷን ከኪሳቸው አወጡ። "አሁንስ?"

ዝርዝሮቹን ሚስተር ዴቪድ በመቀደጃ ማሽን አስፈጭተዋቸዋል። እኔ ግን አለቃ ነኝ፤ ግልባጩ ደብተሬ ላይ ቀርቶ ነበር። ከቦርሳዬ አወጣሁና የእትዬ ሰዓዳን ስም ከነሦስት ኤክሱ እስኪጠፋ ፋቅሁት። ከዚያ ቸኮሌቷን በላናት። በአለቃነት ዘመኔ የተቀበልኩት የመጀመሪያ ጉቦ ነው፤ ለዚያውም ለሁለት ተካፍለን።

ሜዲካል ዲስትሪክት ስንደርስ መኪናዋ በራሷ ፍጥነቷን ቀነሰች። እትዬ ሰዓዳ በጣታቸው እያሳዩ፣ ማመልከቻው መቼ እንደሚገባ፣ ከዚያ የትኛው ፈተና እንደሚቀድም፣ በየትኛው በር ገብተው ልምምድ እንደሚያደርጉ በጥድፊያ ዘረዘሩልኝና ወደ እኔ ዞሩ።

"ገባህ?"

አንገቴ ሊነሳ ሲል ያዝኩት።

"አልገባኝም፣ እትዬ" አልኳቸው። "እስቲ ከመጀመሪያው ይድገሙልኝ።"

ፊታቸው በራ። መኪናዋን ጥግ አስያዙና ሆስፒታሉ ፊት ለፊት ፓርክ አደረጉ፤ ከመጀመሪያውም ጀመሩልኝ።